በአቮካዶ ፍሬ ልክ

ጓደኛዬ የመጀመሪያዋን የበር እጀታ ከአሸዋ ውስጥ ሲያወጣ ጮኸ። ጎረቤቶች በደስታ የጮኸ መስሏቸው እልል አሉ። እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ እውነቱን አውቃለሁ፤ እጀታዋ ገና አልበረደችም ነበር። ጣቶቹን ባልዲ ውስጥ ነክሮ፣ እንባው እየወረደ፣ «አየሃት? አየሃት?» ይለኝ ነበር። አየኋት። ክብ ነበረች ማለት ይከብዳል። የበር እጀታ ለመሆኗ ግን ምንም ጥርጥር አልነበረውም።

ባጃጅ የመቱን መንገዶች መሙላት የጀመረበት ሰሞን ነው። እኔ የአካባቢውን ዜና እየለቀምኩ ለሬዲዮ እልክ ነበር። የተከራየሁት ክፍል ከጓደኛዬ ብየዳ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ስለዚህ ዜናዬን የምጽፈው ብረት ሲቆረጥ እየሰማሁ ነው። እሱ በርና መስኮት ይሠራል። የሚያበሳጨው ነገር አንድ ብቻ ነበር። ሰው አዲስ የብረት በር አሠርቶ ይወስድና ቤቱ አስገጥሞ በሽቦ ያስረዋል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ደህና እጀታ ውድ ነው፤ ርካሹ ደግሞ የኢሉባቦርን ዝናብ አንድ ክረምት ካየ በኋላ ዝጎ እጅ ላይ ይቀራል።

«በሩን በሽቦ የሚያስር ሰው ቤት አለኝ ይላል?» ይለኝ ነበር። «ጥጃም በገመድ ይታሰራል። በር ግን መዞር አለበት!»

እጀታውን ራሱ ሊያቀልጥ ወሰነ። ጥሬ ዕቃው ሞልቷል፤ ቆራሌዎች የተበሳ የአሉሚኒየም ድስትና የተቃጠለ የሞተር ፒስተን በጆንያ ያመጡለታል። ምድጃው በሸክላ ጭቃ የተለሰነ የመኪና ቸርኬ ነበር። አሸዋውን ከሶር ወንዝ አመጣን። የቸገረው ነፋሱ ነው። ወናፍ ሠርቶ ሞከረ፤ ክንዳችን ዛለ እንጂ አሉሚኒየሙ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ መንገዱን ተሻግሮ ከሴቶች ፀጉር ቤት የፀጉር ማድረቂያ ተዋሰ።

ማድረቂያው ከሰሉን ባንድ አፍታ ፍም አደረገው። ድስቱ እንደ ቅቤ ቀለጠ። ሁለታችንም እየዘለልን ተቃቀፍን። ያን ቀን ማድረቂያው ወደ ፀጉር ቤቱ ሲመለስ ግን የከሰል ጭስ ጠግቦ ስለነበር፣ ሠርግ ልትሄድ የተዘጋጀች ሴትዮ ፀጉሯ በቆሎ እንደተጠበሰበት እየሸተተ ወጣች። በማግስቱ ፀጉር ቤቱ ውስጥ የምትሠራው ልጅ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።

«ከዛሬ ጀምሮ ማድረቂያው ብቻውን አይመጣም» አለች።

«ታዲያ ከማን ጋር ይመጣል?» አለ ጓደኛዬ።

«ከእኔ ጋር። እኔ ነኝ የምይዘው፣ እኔ ነኝ የምመልሰው። አንተ አፉን እሳት ውስጥ ነው የምትከተው!»

ያች ልጅ የጎሬ ልጅ ናት። መቱ አክስቷ ዘንድ ነበር የምትኖረው። ቃሏን አክብራ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ሁሉ እየመጣች ማድረቂያውን ትይዝ ጀመር። መጀመሪያ ማድረቂያውን ብቻ ትጠብቅ ነበር። በሳምንቱ አሸዋ ትነፋ ነበር። በወሩ ሞረድ ይዛ እጀታ ስትሞርድ አገኘኋት፤ የጓደኛዬን አያያዝ እያረመች።

የእጀታው ቅርጽ የመጣውም በእሷ ምክንያት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት የእንጨት ሳጥን እርጥብ አሸዋ ይሞላና መሃላቸው አንድ ክብ ነገር ይቀበራል። ሳጥኖቹን ለያይተው ክቡን ነገር ሲያወጡት ባዶ ቦታ ይቀራል፤ እዚያ ባዶ ውስጥ በሞረድ አራት ማዕዘን የተደረገች የብረት ዘንግ ጫፏን አስገብተው የቀለጠውን ያፈሱበታል፤ ሲበርድ ዘንጓ ትወጣና በር ላይ ሲገጠም ከእጀታው ጋር በቀጭን ሚስማር ትያያዛለች። ችግሩ ክቡ ነገር ነበር። ሎሚ ሞከርን፣ ፈረጠ። ድንች ሞከርን፤ የወጣው ድንች እንጂ እጀታ አልነበረም። አንድ ቀን ልጅቷ ምሳዋን አቮካዶ በዳቦ በልታ ፍሬውን ወረወረችለት። «እንካ፣ ይቺን ቅበራት» አለችው እየሳቀች። ቀበራት። ያች ከላይ ያስጮኸችው እጀታ የወጣችው ከዚያች ፍሬ ነው።

መቱ ውስጥ የአቮካዶ ፍሬ ከእግር ሥር የሚጠፋ ነገር አይደለም። ጓደኛዬ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ፍሬ አልነካም። ያችኑ በሰም ቀብቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በደረት ኪሱ ይዟት ይዞር ነበር። ስትሰነጠቅ በክር አሰራት። የክሩ ምልክት እጀታው ላይ እንደ ቀለበት ይወጣ ስለነበር ደንበኛ ሁሉ «ጌጥ ያለው» ይለው ጀመር። ፍሬዋ ለምን እንደማትለወጥ ስጠይቀው ጆሮው ቀላ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኩም። አንዳንድ ዜና ሳይጠየቅም ይገባል።

እጀታው ርካሽ ስለነበር ቶሎ ተሰማ። የያዮ ማር ነጋዴዎች ለመጋዘናቸው ወሰዱ። ባጃጅ ነጂዎች ለመቀመጫቸው ሳጥን ወሰዱ። አንድ ሰው ለዶሮ ቤቱ ሁለት ገዛ፤ አንዱ ለውስጥ በኩል ነው፤ ዶሮዎቹ በምን ሊያዞሩት እንዳሰበ እሱ ያውቃል።

በዚህ መሃል ጓደኛዬ ሽማግሌ ሊልክ ተነሣ። ሦስት ሰው መረጠ። አንደኛው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲጭኑ የኖሩ ጡረተኛ ሹፌር ናቸው። ሁለተኛው ሁሉም «ሐጂ» እያለ የሚያከብራቸው የጨርቅ ነጋዴ። ሦስተኛው እኔ።

«እኔ ሽማግሌ ነኝ እንዴ? ገና ሠላሳ አምስት አልሞላኝም» አልኩት።

«ፊትህ ሞልቷል» አለኝ። «ደሞ ምንም ቢሉህ አትደነግጥም። ሰውየው ያስደነግጣሉ።»

አላጋነነም። የልጅቷ አባት ጎሬ ውስጥ በመንግሥት ሥራ ሸምግለው ጡረታ የወጡ፣ ቤታቸው ውስጥም ኮት የማያወልቁ ሰው ነበሩ። በእኛ ወግ ሽማግሌ ጉዳዩን የሚናገረው ቆሞ ነው። «ተቀመጡ» ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ካልተባለ በቆመበት ይመለሳል። ቆምን። ጋሼ ሹፌሩ ዘርዘር አድርገው ተናገሩ።

«የልጁ ሥራ ምንድን ነው?» አሉ አባትየው።

«የበር እጀታ ይሠራል።»

«በሩንስ ማን ይሠራዋል?»

«እሱው ነው።»

«ታዲያ በር ይሠራል አትሉም? ከበር ጀምራችሁ ወደ እጀታ ትወርዳላችሁ እንጂ ከእጀታ ይጀመራል?» አሉና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ቱምቱ ነው በሉኛ» አሉ።

ቱምቱ በኦሮምኛ ቀጥቃጭ ማለት ነው። በድሮው ሰው ልማድ፣ ኦሮሞውም አማራውም፣ ማረሻውን ከቀጥቃጭ እጅ ይቀበላል፣ ልጁን ግን ለቀጥቃጭ አይሰጥም። እኚህ ሰው ክፉ አልነበሩም። ያሳደጋቸው ልማድ ግን እንደ ኮታቸው አልወልቅ ያላቸው ሰው ነበሩ።

ሐጂ በእርጋታ፣ «ጋሼ፣ የርስዎ በር እጀታ አለው?» አሉ።

የለውም። በሽቦ ነበር የሚታሰረው። አባትየው ሽቦውን አዩት፤ እኛም አየነው።

«እንግዲያው» አሉ በመጨረሻ፣ «ልጁ እጀታውን በሬ ላይ ይግጠም። ክረምቱን ካለፈ ተመለሱ። ካላለፈ ወደዚህ እንዳትመጡ።»

ሳንቀመጥ ተመለስን። ጓደኛዬ ግን ዜናውን ሲሰማ በደስታ መዶሻውን ወደ ላይ ወርውሮ ጣራውን በሳ። ለአማቱ በር የሚሆነውን እጀታ ሲመርጥ ሦስት ቀን ፈጀ። ለውጭ በኩል መጀመሪያ ከተቀዱት አንዷን፣ ሳይሸጣት ያስቀመጣትን፣ መረጠ። ለውስጥ በኩል አዲስ ቀዳ፤ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈተጋት። ሄዶ ገጥሞ ተመለሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ነገር መለካት ልማዴ ነው። እጀታዎቹ ገና ጎሬ ሳይሄዱ፣ አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ ሁለቱን፣ የመጀመሪያዋንና አዲሷን፣ ውፍረት በሚለካ ካሊፐር ለካኋቸው። በመጀመሪያዋ ልክ የከፈትኩት ካሊፐር አዲሷን ሳይነካት አለፈ። አዲሷ ታንስ ነበር። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩና ለጓደኛዬ ነገርኩት።

«እጀታ ከጊዜ ጊዜ እያነሰ ነው» አልኩት።

«ኑሮ ተወዶ ነዋ!» ብሎ ሳቀብኝ። «እናንተ ጋዜጠኞች ደስታ አይታችሁ ዝም አትሉም።»

እኔም ስቄ ተውኩት። ምክንያቱን ሳላጣራ መተዌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቢሆንም፣ ባጣራው ኖሮ የሚከተለውን አላይም ነበር።

ክረምቱ ወጣ። ሦስታችን እንደገና በሚኒባስ ጎሬ ወጣን። ጓደኛዬም አብሮን መጣ፤ ግን ሽማግሌ በገባበት ቀን ጠያቂው ልጅ በዚያ ቤት ደጃፍ መታየት ነውር ስለሆነ መናኸሪያው ቀረ። «ምን አሉ?» ለማለት ገና ግቢው በር ሳንደርስ ስልኬ ላይ ሁለት ጊዜ ደወለ።

አባትየው በረንዳ ላይ ቆመው ጠበቁን። ፊታቸው ያለወትሮው በርቷል። እጀታዋን ራሳቸው አዙረው አስገቡን፣ ራሳቸው አዙረው ዘጉልን። ቆምን። ጋሼ ሹፌሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ እሳቸው በእጃቸው አስቆሟቸው።

«መናገር አያስፈልግም» አሉ። «ክረምቱን በሙሉ አልዛገችም፤ አልተንገዳገደችም። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አዙሯታል። የደብሩ አስተዳዳሪ ሳይቀሩ አዙረዋታል። መልሴን በእጄ ላሳያችሁ!»

እጀታዋን ጨብጠው ሳብ አደረጓት።

ቀጭ አለች።

ከዚያ በኋላ የሰማነው ድምፅ ከበሩ ማዶ ነው። የውጭዋ እጀታ ከነዘንጓ ተንሸራታ በረንዳው ላይ ወደቀች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ደረጃ እየነጠረች ወረደችና ከደረጃው ሥር ካለው የጎደሬ ተክል ውስጥ ገብታ ዝም አለች። የውስጧ፣ ለሁለት የተከፈለችው፣ አባትየው መዳፍ ላይ ቀረች። በሩ እንደተዘጋ ነው።

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይነዝራል።

ጋሼ ሹፌሩ ቀስ ብለው፣ «እንግዲህ . . . መልሱ የትኛው ነው?» አሉ።

ሐጂ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አፈኑት። እኔ ጣራውን አየሁ። አባትየው መስኮቱን ከፈቱ፤ መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። ፍርግርጉን ነቀነቁት።

«ሌባ እንዳይገባ ብዬ ነው ያሠራሁት» አሉ እንደ ማፈር ብለው።

«ሽማግሌም እንዳይወጣ ሆኗል» አሉ ሐጂ።

በዚህ ጊዜ ሳቁ አመለጠን። ጋሼ ሹፌሩ ወንበር ይዘው ሳቁ፣ ግን አልተቀመጡም። አባትየው ግን አልሳቁም። የተሰበረችውን እጀታ እያገላበጡ ያዩ ነበር፤ ፊታቸውም ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው ፊት እየተመለሰ ነው። ክረምቱን በሙሉ ጎረቤት ፊት ያሞገሷት ዕቃ በእንግዳ ፊት አዋርዳቸዋለች። «ካላለፈ እንዳትመጡ» ያሉት ትዝ እንዳላቸው ከዓይናቸው አነበብኩ። መናኸሪያው ያለውን ጓደኛዬን አሰብኩና ሳቄን ተውኩት።

ሚስታቸውና ለዚሁ ቀን ከመቱ የመጣችው ልጃቸው ከጓሮ፣ ከማድ ቤት፣ ድምፅ ሰምተው መጡ። አባትየው በፍርግርጉ በኩል ተጣሩ።

«ልጄ፣ አናጢውን ጥሪው! በሩ ተቆልፎብናል!»

ልጅቷ ሽማግሌ ፊት እንዳትታይ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ስባ ነበር። ጎደሬው ውስጥ ጎንበስ ብላ እጀታዋን አወጣች። አየቻት። ነጠላው ከራሷ ወደቀ፤ አላነሣችውም።

«አባዬ፣ የውስጧን ስብራት አምጧት እስቲ።»

«ለምንሽ?»

«አምጧት።»

በፍርግርጉ አሳልፈው ሰጧት። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ አስተያየቻቸው። የተሰበረውን ጠርዝ በጥፍሯ ዳሰሰች።

«ዳርና ዳሯ ሳስቷል» አለች ለራሷ እንደሚናገር ሰው። «ፍሬዋ ሟሻለች። በደረቀች ቁጥር አንሳለች፤ ዘንጓ ግን ያው ዘንግ ነው። ታዲያ ዙሪያዋ ምን ይቀርላታል? ለዚህ እኮ ነው ቀይራት፣ ቀይራት ያልኩት!»

ካሊፐሬንና ማስታወሻዬን አሰብኩ። የለካሁት እኔ፤ የገባት እሷ።

ከዚያ ከፀጉሯ አንድ የፀጉር ሽቦ ነቀለች። ዘንጓን በበሩ ቀዳዳ አስገባች፤ እጀታዋና ዘንጓ የሚያያዙባት ቀጭን ሚስማር ስትወድቅ ጠፍታ ስለነበር በምትኩ የፀጉር ሽቦውን አጥፋ ሰካች፤ በጥርሷ ጠመዘዘች። በጉልበቷ በሩን ወደ ራሷ በኩል ደገፍ አድርጋ አዞረች። ይህን የጉልበት ነገር ከጓደኛዬ በቀር ሲያደርግ ያየሁት ሰው የለም።

በሩ ተከፈተ።

ስልኬ ይነዝራል። አባትየው ደፍ ላይ ቆመው ልጃቸውን ከራሷ እስከ እግሯ አዩዋት።

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

ጋሼ ሹፌሩ ሳል መጣባቸው።

«የፍሬውንስ ነገር? የምን ፍሬ ነው?»

«የአቮካዶ» አለች አንገቷን ደፍታ። «እኔ የበላኋት ናት። ሌላ አልቀብርም ብሎ ነው።»

እናትየው ከኋላ፣ እጃቸው ላይ ሊጥ እንዳለ፣ «ማንም ያስተምራት! በሩ ተከፈተልህ አይደል?» አሉ።

አባትየው ወደ እኛ ዞሩ። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ኮታቸው በሙሉ ተንቀጠቀጠ። ሰውየው ሲስቁ ድምፅ አልነበራቸውም፤ ፊታቸው ብቻ እንባ በእንባ ሆነ።

«ቱምቱ ቤቴ አይግባ ብዬ ስምል» አሉ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ «ለካ ቱምቱ ቤቴ አድጋለች!»

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። መውጣት እንችል ነበር። እሳቸው በእጃቸው ወንበሮቹን አሳዩን።

«ተቀመጡ» አሉ።

እናትየው እልልታውን አቀለጡት። እኛም ተቀመጥን። ጋሼ ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ተነሥተው ሁለት ጊዜ ተቀመጡ፤ እርግጠኛ ለመሆን ነው አሉ።

ያኔ ስልኩን አነሣሁ።

«ምን አሉ?» አለ ጓደኛዬ፤ ከኋላው የሚኒባስ ረዳቶች «መቱ፣ መቱ፣ መቱ!» ሲሉ ይሰማል።

«ተቀመጡ አሉን።»

ጩኸት ሰማሁ። ይህኛው የደስታ ነበር። ረዳቶቹም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው ጮኹ። ጩኸቱ በረድ ሲል የጠየቀኝን ሁለተኛ ጥያቄ መቼም አልረሳውም፦

«እጀታዋስ እንዴት ናት?»

ሰው በሠርጉ ዜና መሃል እንዲህ ሲጠይቅ ምን ይመለሳል? በሥራዬም በወዳጅነቴም ዋሽቼው አላውቅም።

«ተሰብራለች» አልኩት። «ፍሬህ ሟሻለች። እሷ ናት ያለችው።»

«ነግራኝ ነበር» አለ በደከመ ድምፅ። ቀጥሎ በደስታ፣ «ነግራኝ ነበር እኮ!»

ልንሰናበት ስንነሣ አባትየው ወደ መኝታ ቤት ገቡና ቆዩ። የሚፈታ ነገር ሲንቋቋ ሰማን። ሲመለሱ መዳፋቸው ላይ ቢጫ የናስ ድቡልቡል ነበረች፤ ድሮ ከመንግሥት ሥራ ጋር የመጣው የብረት አልጋቸው በአራት ማዕዘኑ እንዲህ ዓይነት ድቡልቡል ነበረው።

«ይቺን ይቅበር» አሉኝ። «ይቺ አትበላም፣ አትደርቅም። አቮካዶዋን ግን አይጣላት፤ ሚስቱ ትቆጣዋለች።»

«የርስዎ አልጋስ ጋሼ?» አልኳቸው።

«በሦስቱ ይቆማል። ሥራቸውን ሲጨርሱ ይመልሱልኛል።»

ባለፈው ዓመት ለሥራ ኡካ ከተማ ሄጄ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ወረፋ ስጠብቅ እጄ ሳላስበው እጀታው ላይ አረፈ። ልሙጥ፣ ክብ፣ በትክክል ክብ። ሰው ሁሉ እያየኝ ሳቄ መጣ፤ የአባትየውን አልጋ ጨብጬ ነው የቆምኩት። ማታ ጓደኛዬ ቤት ደውዬ ነገርኳቸው። ስልኩን ያነሣችው ሚስቱ ናት። ከኋላዋ እሳቱ ይጮሃል፤ ማድረቂያው አሁን የራሳቸው ነው።

ጎሬ ያለው አልጋ እስከ ዛሬ በሦስት ድቡልቡል ነው የቆመው። አባትየው መቱ በመጡ ቁጥር ብየዳ ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ «እህሳ፣ ጨረሳችሁ?» ይላሉ።

ገና ነን ይሏቸዋል።